«ፌክቡክ» ብለን ስንስቅ የሚስቀው ማን ነው?

(በሁምቦ ወረዳ ጠበላ ከተማ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር። ለገጻችን ተከታታዮች እንዲመች ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ የቀረበ።)

ከሶዶ የመጣችሁ፣ ከአበላ በኩል በእግራችሁ የመጣችሁ፣ እዚሁ ከጠበላ ያላችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በስልክ በቀጥታ የምትከታተሉንም አላችሁ፤ ኔትወርኩ እስከፈቀደ ድረስ አብረን ነን።

ዛሬ ስለ ቅጽል ስም ነው የማወራችሁ። ለትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለምናወጣላቸው ስም። ቀልድ ይመስላል አይደል? ቀልድም ነው። ግን ይህ ቀልድ ብዙ ጊዜያችንን እየበላ ነው፣ ብዙ ቁጣችንንም ያለ ሥራ እያቃጠለ ነው። ለዚህ ነው መድረክ ላይ ያወጣሁት።

ፌስቡክን «ፌክቡክ» እንለዋለን። «የማርክ መንደር» እንለዋለን። የለጠፍነው ሲነሳብን «ጋሽ ማርክ ተቆጣ» ይባላል፤ ለሳምንት ስንታገድ ደግሞ «ማርክ አሰረኝ»። ቴሌንማ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የማንለው የለም፤ የደወላችሁለት ሰው አይገኝም የምትለዋ ሴትዮ እንኳ አልተረፈችም። አንዱ አዲስ ስም ያወጣል፣ ሺህ ሰው ሳቅ ይለጥፍበታል፣ ሌላው ይቀባበለዋል፣ በማግስቱ ሁላችንም ያንን ስም እንጽፋለን።

ስም ማውጣት ደግሞ የዚህ አገር ሰው ይችልበታል። ከኋላ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባትን ትንሿን ታክሲ «ውይይት» አላት። ሚኒባሱን «አባዱላ» አለው። ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። «ቀይ ሽብር» የሚለው ስም ያስቃል፣ ግን ውስጡ ማስጠንቀቂያ አለ። ስሙን የሰማች እናት ልጇን ከአስፋልት ዳር ትስበዋለች። ስሙ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣብህም ይናገራል።

ቴሌም እንዲህ ያለ ስም አለው፤ ያወጡለት ግን ቀልደኞች አይደሉም። መንግሥት ለዓመታት ቴሌን ለግል ባለሀብት አልሰጥም ሲል የነበረው «የምትታለብ ላም ናት» እያለ ነው። እስቲ ከዚህ የተሻለ የቴሌ ስም ማን አወጣ? በሁለት ቃል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነገሩን። የሚታለበው የእኔና የአንተ ካርድ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይመጣለታል፦ ወተቱ ወዴት ሄደ? ለባቡር ሐዲድ? ለየትኛው? እኛ ጋ ለምን ማማ አልቆመም? ሳፋሪኮም ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ያው ጥያቄ ቀጠለ፤ አሁን ላሞቹ ሁለት ናቸው፣ ሣሩ የእኛ ነው።

«ፌክቡክ»ስ ምን ነገረን? ምንም። ውሸት አለበት ማለት ነው? ውሸቱን የሚጽፈው ማን ነው? ማን ያሰራጨዋል? ማን በዚያ ገንዘብ ያገኛል? ስሙ ይህን አያሳይም። ቤት ይመታል፣ ያስቃል፣ በቃ።

እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ ያደረግነው። ከ20 እና ከ25 ዓመት በፊት ፈረንጆቹ ኢንተርኔት ላይ ማይክሮሶፍትን ሲሰድቡ፣ በስሙ ውስጥ ባለችው ኤስ በምትባለው ፊደላቸው ፋንታ የዶላር ምልክት ያስገቡ ነበር። ገንዘብ ወዳድ ነው ለማለት ነው። ለዓመታት እንዲያ ሲጽፉ ኖሩ። ኩባንያው ምን ሆነ? ዊንዶውስ መሸጡን ቀጠለ፣ ባለቤቱም የዓለም አንደኛ ሀብታም መባሉን ቀጠለ። ማይክሮሶፍትን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከበርካታ ግዛቶች ጋር ሆኖ ከሰሰው። ፍርድ ቤት የቀረበበት ማስረጃ ደግሞ የገዛ ኃላፊዎቹ እርስ በርስ የተጻጻፉት ኢሜይል ነበር። ተፎካካሪን እንዴት እንደሚያፍኑ በራሳቸው እጅ ጽፈውታል። ከዚያ በ2004 የአውሮፓ ኮሚሽን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። የዶላር ምልክት ሲያስገባ የከረመ ሰው ለዚያ መዝገብ አንዲት ገጽ አልጨመረም። ያቺን ኢሜይል ፈልጎ ያገኛት ጠበቃ ግን ጨመረ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በስም ጉዳይ ወላይታን የሚያስተምር የለም።

አያቶቻችን «ወላሞ» እየተባሉ ነው የኖሩት። ይህ ገበያ ላይ የሚወረወር ስድብ ብቻ አልነበረም። ካርታ ላይ ነበር። የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ነበር። «ወላሞ አውራጃ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ያ ስም ከመንግሥት ወረቀት የወጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ቤታችሁ በዚያ ስም የተጠራ ሽማግሌ ካለ ጠይቁት። ፊቱን እዩት። የሰው ልጅ በራሱ አገር፣ በራሱ መሬት ላይ ቆሞ፣ ራሱን በማይጠራበት ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ከእሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ይህን ይዘው አንዳንድ ወንድሞች «እኛ ቅጽል ስም ያቆሰለን ሕዝብ ሆነን እንዴት ሌላውን በቅጽል ስም እንጠራለን?» ይላሉ። አሳባቸው ቅን ነው፣ ግን እኔ አልስማማም። ጉልበተኛ ደካማውን የሚጠራበት ስምና ደካማው ጉልበተኛውን የሚጠራበት ስም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው መሬት ይቀማል፣ ወንበር ይነሳል፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ያሸሻል። ሁለተኛው ቢበዛ ያስቃል። በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር የሚገመት ኩባንያ «ፌክቡክ» ስለተባለ አይቆስልም። የእኔም ችግር እሱ ነው፤ አይቆስልም! የማይቆስልን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ስንወጋ እናድራለን፣ ጠዋት ደክሞን እንነሳለን፣ የታገልን ይመስለናል።

ሌላም ነገር አለ። እነሱ ስማቸው ሲቆሽሽ ራሳቸው ይቀይሩታል። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ ሠራተኛ በጥቅምት 5 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ የኩባንያውን የውስጥ ሰነድ ይዛ መሰከረች፤ የአገራችንንም ስም አንስታለች። በዚያው ወር 28 ኛው ቀን ላይ ፌስቡክ የኩባንያውን ስም «ሜታ» አደረገ። ለሁለቱ መቀራረብ ምክንያት አለው የለውም አልከራከርም። ግን ዛሬ ክስ የሚጻፈው «ሜታ ፕላትፎርምስ» ተብሎ ነው። አንተ «ፌክቡክ» ስትል እሱ ስሙን ቀይሮ ሄዷል።

አሁን ትልቁን ነገር ላንሳ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ወቅት፣ ፌስቡክ ላይ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ የት እንደሚኖሩ ተለጠፈ፤ ብዙ ሐሰት ተጽፎባቸው። ልጃቸው አብርሃም ለኩባንያው ሪፖርት አደረገ። መልስ ጠፋ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አባትየው በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ኩባንያው ከተለጠፉት አንዱ ሕጌን ይጥሳል የሚል መልስ የሰጠው ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

አባቱን ላጣ ልጅ «ፌክቡክ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? ያደረገውን ስሙ። ሪፖርት ያደረገበትን ቀን ይዟል። የመጣለትን መልስ ይዟል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌላ ኢትዮጵያዊ የሰብአዊ መብት ባለሙያና ካቲባ ከሚባል የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። የጠየቁት ብዙ ነው፤ አንዱ ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የተጎጂዎች ካሳ ፈንድ ነው። ሜታ «ኬንያ እኔን ለመዳኘት ሥልጣን የላትም» አለ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ «ሥልጣን አለኝ» ብሎ ወሰነ። ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ግን እዩት፤ ግዙፉን ኩባንያ አፍሪካ ውስጥ ዳኛ ፊት ያቆመው ቀን፣ ሰዓትና የተቀመጠ መልስ ነው።

ሟቹ ከየትኛው ብሔር ነበሩ፣ ያ ጦርነት የማን ነበር እያላችሁ በአስተያየት መስጫው እንዳትጀምሩኝ። ዛሬ የማወራው እሱን አይደለም። ነገ ያ ፎቶ የአንዱ ወላይታ መምህር ፎቶ ሊሆን ይችላል። የተለጠፈውም በወላይትኛ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ራሱ በይፋ ሲናገር፣ በኢትዮጵያ ይዘት የመገምገም አቅም አለኝ ያለው በአራት ቋንቋ ነበር፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ። ወላይትኛ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ እንኳ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የነበረ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በወላይትኛ ስለ አንቺ ዛቻ ቢጽፍ፣ ሪፖርት የምታደርጊው ለማን ነው? የሚያነበው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጽፈናል? «ፌክቡክ» የሚለውን ቃል ግን ስንት ጊዜ ጽፈናል?

ማሽኑ ቋንቋህን ካላወቀ ምን እንደሚሆን አንድ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር ልንገራችሁ። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. የቻይናው ፕሬዝዳንት ሺ ጂንፒንግ ማይናማርን ሲጎበኙ፣ ፌስቡክ የበርማ ቋንቋውን ጽሑፍ በራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ የፕሬዝዳንቱን ስም በሽንት ቤት ጉድጓድ ስድብ ተካው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ስማቸው በበርማ ቋንቋ መረጃው ውስጥ ስላልነበረ ማሽኑ ገምቶ ነው አለ። እኛ ለእነሱ ስም እናወጣለን፣ እነሱ ደግሞ ሳያስቡት ለሰው ስም ያወጣሉ። ለቻይና ፕሬዝዳንት ይቅርታ ይጠየቃል። ለአበላ ገበሬስ?

«ማርክ አሰረኝ» የሚለውንም ላንሳው፤ ይህ ቀልድ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው ብዬ አምናለሁ። ማርክ አላሰረህም ወንድሜ። ማርክ አያውቅህም። የለጠፍከውን ያነሳው ወይ ማሽን ነው፣ ወይ እንደ አንተ ያለ ወጣት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሳማ የሚባል ኩባንያ ለፌስቡክ ይዘት ገምጋሚዎች ቀጥሮ ያሠራ ነበር፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያን አሉበት። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ሬሳ፣ ግድያ፣ ድብደባ ነው። ደመወዛቸው በሰዓት እስከ 1.50 ዶላር ዝቅ ይል እንደነበር ታይም መጽሔት በ2022 መጀመሪያ ጽፎታል። እነዚህ ልጆች ዝም አላሉም። በ2023 ከ180 በላይ ሆነው ሜታንና አሠሪዎቻቸውን ከሰሱ፤ የአፍሪካ ይዘት ገምጋሚዎችም ማኅበር መሠረቱ። ኩባንያውን በአንድ ሰው ስም ስትጠራው እነዚህ ልጆች ይጠፋሉ። ሥራውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ሰጥቶ እጁን የሚታጠብበት መንገድም ይጠፋል። የሚቀረው አንድ ቲሸርት የለበሰ ሀብታም ብቻ ነው፤ እሱም አይሰማህም።

«666» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ኩባንያውን ጋኔን አድርጎ የሚጠራ ሰው የግል መረጃዬን ለማን ሸጠብኝ ብሎ አይጠይቅም። ከጋኔን ጋር ክስ የለም፤ ጸሎት ነው ያለው። ጸልዩ፣ ጸሎቱ አይከፋም። ግን የስልካችሁንም ቅንብር እዩ።

አሁን ስለ ወጋጎዳ ላስታውሳችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም ነበር። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ስም መጀመሪያ መጀመሪያውን ቆርጠው ሰፉና አንድ የቋንቋ ስም አወጡ፤ ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ። በ1991 ዓ.ም. የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ክፍል ገባ። አራቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ፣ ይህን መካድ አያስፈልገንም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጥያቄው ስሙን ማን አወጣው፣ ባለቤቱን ማን ጠየቀው የሚለው ነው።

ስሙ ራሱ ለቀልድ የተመቸ ነው። ያኔም ሰው ሳይቀልድበት አልቀረም፤ የእኛን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ግን በቀልድ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ታናናሾቻችን በወጋጎዳ ይማሩ ነበር። ተማሪውና መምህሩ መጽሐፉን አልቀበልም አሉ። የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቢሮ እንደላከው ያውቁ ነበር። ሶዶ ላይ ሰልፍ ወጣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙ ሰው ታሰረ፣ መምህራን ከቦታቸው ተነሡ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያ ዋጋ ዳግም እንዲከፈል አልፈልግም። የወጣት ደም እንዲፈስ የሚጠራችሁን ሰው አትስሙት። ከእነዚያ ሰዎች እንድትወስዱ የምፈልገው አንዱን ነገር ነው፦ የሚጠይቁትን ነገር በስሙ ይጠሩት ነበር።

ይህ ሩቅ ከመሰላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ቀና አድርጋችሁ ተራራውን እዩት። ሁምቦ አየር የሸጠ ወረዳ ነው! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ያ ተራራ ተራቁቶ ድንጋይ ቀርቶት ነበር። ጎርፉ እርሻ ይበላ ነበር። ገበሬው ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከለለ፤ አብዛኛው ደን የተመለሰው አዲስ ችግኝ ተተክሎ አይደለም፣ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ከሥሩ ሲያቆጠቁጥ እየተጠበቀ፣ እየተመለመለ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን አሠራር ሲመዘገብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ተባለ። የዓለም ባንክ ፈንድ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርበን ይይዛል ተብሎ ነው የተሰላው።

ይህን ለምን አመጣሁት? ከዓለም ባንክ የሚበልጥ ግዙፍ ድርጅት ከየት ይመጣል? እናቶቻችንና አባቶቻችን ፊደል ያልቆጠሩም ቢሆኑ ከዚያ ግዙፍ ጋር እንዴት እንደተነጋገሩ እዩ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። የመሬት መጠቀሚያ ማረጋገጫ ወረቀት ያዙ። ቶኑ ተለካ፣ ዋጋው ተጻፈ። ገንዘቡ በቂ ነበር ወይ፣ ለማኅበረሰቡ በትክክል ደረሰ ወይ ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ፣ ተከራከሩም። መከራከር የምትችሉት ግን የተጻፈ ነገር ስላለ ነው። እኛ ስልክ በእጃችን ይዘን፣ ዲግሪ ይዘን፣ ከእነሱ ያነሰ መነጋገር የምንችለው ለምንድን ነው?

ባለፈው አንድ ወንድማችን በስልኩ የላከው ገንዘብ መንገድ ላይ ቀረበት። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ልጁ ተናዶ ጻፈ። ከሥር የመጣው አስተያየት ሁሉ ቅጽል ስም ነበር፤ ሌባ፣ ጅብ፣ ሌላም ሌላም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «የላክበት ሰዓት ስንት ነው? የግብይት ቁጥሩን ይዘሃል?» ብሎ አልጠየቀውም። ልጁ ራሱ መልእክቱን አጥፍቶታል። ቅጽል ስሙ ግን እስካሁን አለ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጅብ የምንለው ኩባንያ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት። ሶዶ ላይ መስኮት ጋ ደርሶ እሷን «እናንተ ጅቦች» የሚል ሰው አይቻለሁ። ማማውን እሷ አላቆመችም፣ ታሪፉን እሷ አላወጣችም። ከኩባንያ የጀመረ ስም ወደ ሠራተኛ ይወርዳል፤ ከሠራተኛ ደግሞ «የእነ እገሌ ዘር ነው የሞላበት» ወደሚል ይሄዳል። እዚያ ላይ ስንደርስ የሳቁ ነገር አብቅቷል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ሰውን በማንነቱ ለማስጠላት የተጻፈ ነገር ያስከስሳል። «ቀልዴን ነው» አያድንም። እኔ ግን ከሕጉ በላይ የምነግራችሁ «ወላሞ» የተባለ ሰው የልጅ ልጅ ናችሁ የሚለውን ነው። ሰውን በዘሩ ስም እያወጣችሁ በእኛ ገጽ ላይ አትጻፉ። እናጠፋዋለን።

ያው አዋጅ ለእናንተም የሚሠራ ክፍል አለው፣ ብዙ ሰው አያነበውም። የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ መሆኑ ከተነገረው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያነሳው ይገባል ይላል። አዋጁን የሚተቹ አሉ፣ እኔም የምተቸው ቦታ አለኝ፤ መንግሥት ያልወደደውን ሁሉ ለማስነሳት ሊጠቀምበት ይችላል። ግን 24 ሰዓት የሚቆጠረው ከተነገረው ጀምሮ ነው። ማን ነገረው? መቼ ነገረው? ማስረጃው የት አለ? «ጋሽ ማርክ ተኝቷል» ብለህ መጻፍህ እንደመንገር አይቆጠርም።

ስለዚህ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ መሳቁን አልከለክልም። ማንም አይከለክላችሁም። አዝማሪ በንጉሥ ፊት የቀለደበት አገር ነው። ግን ስትጽፉ መጀመሪያ ትክክለኛውን ስም ጻፉ፤ ሜታ፣ ቲክቶክ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሳፋሪኮም። ጋዜጠኛ ወይ ጠበቃ ነገ ሲፈልግ የሚያገኘው በትክክለኛው ስም የተጻፈውን ነው፤ በቅጽል ስም የጻፋችሁት እኛው መካከል ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የስክሪኑን ፎቶ አንሡ፤ ሪፖርት ስታደርጉም፣ መልስ ሲመጣም። ቅሬታ ስታስመዘግቡ የሚሰጣችሁን ቁጥር አትጣሉ። ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ ቅጽል ስሙን ከታች ጨምሩ። ስም ካወጣችሁ ደግሞ እንደ «ቀይ ሽብር» እና እንደ «የምትታለብ ላም» ያለ ስም አውጡ፤ የሰማው ሰው መንገድ እንዲለቅ ወይም ወተቱን እንዲጠይቅ የሚያደርግ።

አንድ ጥያቄ ከኋላ ተነሥቷል፤ ልጁ ሳይጠይቀኝ አይቀርም፣ እጁን ደጋግሞ እያወጣ ነው። «እኛ ሁምቦ ቁጭ ብለን ሪፖርት ብናደርግ ማን ይሰማናል?» ነው ያልከው? ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጽፍ የሚሰማው ላይኖር ይችላል፣ አልዋሽህም። የባሕር ዳሩ ልጅም መጀመሪያ አልተሰማም። ናይሮቢ ያሉት ገምጋሚዎችም አንድ በአንድ ሲያማርሩ አልተሰሙም፤ 184 ሆነው ሲሄዱ መዝገብ ተከፈተ። ለዚህ ነው ዛሬ ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር የምንጀምረው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ። በወላይትኛ ተጽፎ ሪፖርት ያደረጋችሁትና መልስ ያጣችሁበት ዛቻ፣ ስም ማጥፋት፣ የማጭበርበሪያ መልእክት ካለ፣ ቀኑንና የመጣውን መልስ አስመዝግቡ። የተጎጂው ስም በአደባባይ አይወጣም፤ ሴቶች በተለይ ይህን ስጉ እንዳይላችሁ፣ ደብተሩን የምትይዘው እህታችን ናት። የስክሪን ፎቶ ያላችሁ ወደ ገጹ የውስጥ መልእክት ላኩ። ኮምፒውተር ላይ የሚተይቡ ሁለት ሰው እንፈልጋለን፤ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚስማማ አንድ ሰው ደግሞ ለትርጉም። ሲጠራቀም ለኩባንያዎቹ በደብዳቤ፣ በትክክለኛ ስማቸው፣ ወላይትኛ የሚያነብ ገምጋሚ ይቀጠር ብለን እንጽፋለን፤ ግልባጩን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። ደብዳቤውን እዚሁ ገጽ ላይ ታነቡታላችሁ።

እሺ፣ አንተ ከኋላ ያለኸው፤ እጅ ስታወጣ የነበርከው። ትተይባለህ? ና ወደ ፊት።